ያለ ጠንቋይ የዘመቱት ስድስቱ

ባለፈው ሳምንት ከወናጎ ወደ ዲላ ስመለስ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቴን እያሻሸሁ ተቀምጬ ነበር። ረዳቱ አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ ከነአናናስ ጆንያዋ ገፋ አድርጎ አስገባና በሩን ወረወረው። ሴትዮዋ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ጥቁር ሂጃቧን አስተካክላ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ገጠምን። አፍጥጣ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ከዚያ ሾፌሩ እስኪደነግጥ ድረስ «አንቺ እታፈራሁ! ጋሻሽን የት ጣልሽው?» ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ደግሞ ስድሳ ስድስት ዓመቴንም፣ የጉልበቴን ሕመምም ረስቼ «ቀስትሽ ካለ ጋሻዬም አለ!» አልኳት። ዘይነባ ናት። አሥራ አራት ዓመት ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ታይፕ የመታች፣ ከጡረታ በኋላ ልጇ ዘንድ ሐዋሳ የገባች፣ ለዘመድ ሠርግ ብቅ ያለች ዘይነባ። ተሳፋሪ እየረገጥን ተሳሳምን። አጠገባችን የነበረች ተማሪ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ «እማማ፣ ወታደር ነበራችሁ እንዴ?» አለችን። ዘይነባ ቀና ብላ «ታይፒስት ነበርን» አለቻት። ልጅቷ ሁለቱን ማገናኘት ሳትችል ዲላ ደረስን።

ከወናጎ ዲላ መንገዱ ምን አለው፤ ወሬ ሳይጠገብ ያልቃል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሐሳቤ አልተመለሰም። ወሩ የቡና ወር ነው፤ ከመፈልፈያዎቹ የሚመጣው የእሸት ቡና ገለባ ሽታ፣ ያ ጣፋጭና ጎምዛዛ ነገር፣ ከተማውን ሞልቶታል። ያኔም መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች በካርቶን ከመኪና ሲወርዱ ከተማው እንዲሁ ይሸት ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አጥብቄ አልነግራችሁም። ዲላ ውስጥ ባጃጅ ገና ያልመጣበት፣ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ከመናኸሪያው እስከ ገበያው የሚሰማበት፣ ሻይ ከፓስቲ ጋር በአንድ ብር የሚጠጣበት ጊዜ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ አንድ ካሴት ከወደደ ሪባኑ እስኪያልቅ ጠዋት ማታ እሱኑ ነው። እኛም ሳናስበው በዘፈኑ ምት ታይፕ እንመታ ነበር። አንድ ጊዜ ማርታ የዘፈኑን አዝማች ደብዳቤ መሐል መትታው አለቃው ጠረጴዛ ድረስ ደርሷል።

ማርታን ላስተዋውቃችሁ። ቡሌ ተወልዳ ያደገች ጌዴኦ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትናገር ግን የምታስቅ። አማርኛዋ ላይ እሱና እሷ አንዳንዴ ቦታ ይቀያየራሉ። «እሱ ሴትዮ መጣ» ትለናለች፣ እኛም ማን እንደመጣ እናውቃለን። ሦስታችንም ከዘይነባ አማች ሱቅ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ የተቀደደ ግራጫ ጉርድና ኮት ነበረን፤ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ልክ። መንገድ ላይ ስንሄድ «ሦስቱ ታይፖች» ይሉናል። እኔ ፈጣኗ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሰው እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ጣቶቼን ያይ ነበር። ዛሬ የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ በሁለት አውራ ጣት ስትጽፍ ሳይ ፍጥነቷ ያስቀናኛል፤ ድምፅ የለውም እንጂ። የእኛ ሥራ ድምፅ ነበረው። አላፊ አግዳሚው ደብዳቤ እየተጻፈ መሆኑን ያውቃል።

ኮምፒውተሮቹ የመጡ ሰሞን የአስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ወርቁ ሰበሰበን። ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ኪሱ ውስጥ የቁልፍ እስር የሚያንቀጫቅጭ ሰው ነበር። «ከሦስት ወር በኋላ ፈተና አለ» አለን። «ያለፈ በቦታው ይቀጥላል። ያላለፈ ወረዳ ይመደባል፤ መዝገብ ቤት።» ወረዳ ማለት የት እንደሆነ አልጠየቅንም። አንዳንዱ ወረዳ ዝናብ ከጣለ መኪና የማይገባበት ነው። ማርታም ዘይነባም ልጆች አሏቸው። እኔ ባሌን በወጣትነቴ ቀብሬ ልጅ ሳልወልድ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን እናቴ ነበረችኝ።

እናቴ የሺመቤት፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚያው ክረምት ግቢያችን ጭቃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ አጥንቱ ገጥሟል፣ አሁን በከዘራ መለማመድ አለባት አሉ። እሷ ግን እምቢ አለች። አርባ ዓመት ገበያ ላይ ቆማ ቅቤና ማር የሸጠች፣ ወንዱ ሁሉ በስሟ የሚጠራት ሴት፣ በከዘራ እየተንፏቀቀች ሰው ሊያያት ነው? ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ጎረቤት ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ምሳ ሰዓት እየሮጥኩ ሄጄ አብልቼ፣ አገላብጬ እመለሳለሁ። ወረዳ ብመደብ ማን ይዟት ይቀመጣል? ይዣት ብሄድስ በየትኛው መንገድ?

አሠልጣኝ መጥቶ አምስት ቀን አስተማረን። ኪቦርዱን አልፈራሁትም፤ የፈራሁት ማውዙን ነው። እጄ ሲነካው ቀስቷ ከስክሪኑ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ትፈናጠራለች። ጠረጴዛው ሲያልቅብኝ ማውዙን አየር ላይ አንሥቼ እጎትተዋለሁ። አሠልጣኙ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ከሃያ ዓመት በላይ ሰው ጣቴን ሊያይ ሲመጣልኝ የኖርኩ ሴት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አምስቱ ቀን ሲያልቅ አቶ ወርቁ ኮምፒውተሮቹን አቧራ እንዳይገባባቸው ብሎ ክፍሉን ቆለፈው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት። በዚህ ዓይነት ሦስት ወር አንድ የሥራ ቀን እንኳ አይሞላም ነበር።

ያወጣን ተካልኝ ነው። ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን የነበረ፣ የዘይነባ ጎረቤት፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፀጉሩ ላይ ሁልጊዜ የቆርቆሮ ብየዳ ሽታ ያለው ሰው። ዛሬ ሱቁ የነበረበት ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል። ተካልኝ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ መጥቶ ነበር፤ ሞኒተሩ የጤፍ ማዳበሪያ የሚያህል። «ምሳ ሰዓት ኑ» አለን። ሄድን፤ እኔ ከዚያ ወጥቼ ነው እናቴን ላበላ የምሮጠው። ደብዳቤ ልንጽፍ ስንቀመጥ አስቆመን። «እትዬ እታፈራሁ፣ ማውዝ በደብዳቤ አይለመድም። በጨዋታ ነው የሚለመደው» አለና አንድ ሲዲ ከተተ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከበሮ ተመታ፤ በረዶ የለበሰ ተራራ ወጣ። ማርታ «ቡሌ ነው እንዴ?» አለች። ብርዱን አስባ ነው እንጂ በረዶ እንደዚያ ሆኖ አይታ አታውቅም፤ ማናችንም አላየንም።

ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ስድስት ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ሩቅ አገር ይዘምታሉ። በመንደር፣ በጫካ፣ በዋሻ ያልፋሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይቆስላሉ፣ ይድናሉ፣ መጨረሻ ላይ ተራራው ሥር ያለውን ዘንዶ ይገጥማሉ። ስድስቱ አስቀድመው የተዘጋጁ ነበሩ፤ ሥዕላቸውም አለ፣ ቆንጆዎች፣ ኮስታሮች፣ የፈረንጅ ስም ያላቸው። ተካልኝ «እነዚህን ውሰዱ፣ ባለሙያ ያሰናዳቸው ናቸው። ራሳችን እንፍጠር ያለ ሰው ዋሻው ሳይደርስ ነው የሚያልቀው» አለን። ማርታ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች። «እኔ የማላውቀውን ሰው ይዤ ጫካ አልገባም» አለች። ነገሩ በዚያ ተቆረጠ። ስድስቱንም ራሳችን ልንሠራቸው፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት።

ሰው መሥራት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ወንድ ነው ሴት? ረጅም ጆሮ ካለው ዘር ነው፣ ከአጭር ጢማም? ሙያው ምንድን ነው? ከዚያ ነጥብ ይሰጥሃል፤ ለጉልበት፣ ለጤና፣ ለቅልጥፍና፣ ለብልሃት፣ ለመልክና ለአንደበት ታከፋፍላለህ። ለአንዱ ስትጨምር ከሌላው ይጎድላል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። እኔ እንግሊዝኛ በፍጥነት እመታለሁ እንጂ የምመታውን አልረዳውም ነበር፤ አንዲት አረንጓዴ ልባስ ያላት ትንሽ መዝገበ ቃላት ጉልበታችን ላይ ዘርግተን ቃል በቃል ሄድንበት። ዘይነባ መጀመሪያ ቀስተኛ ሠራች፣ ረጅም ጆሮ፣ ቀጭን ወገብ፤ ዛራ አለቻት። «እኔ ነኝ፣ አምስት ልጅ ሳልወልድ» አለች። ሁለተኛው አጭር፣ ጢማም፣ መጥረቢያ የያዘ ሆነ፤ በባሏ ስም ሁሴን አለችው። ሁሴንን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ቢያይ ስሙን ሳይነግሩት ያውቀው ነበር። ማርታ አያቷን ሮባን ሠራች፤ የጫካ ሰው፣ ዱካ የሚያውቅ፣ አውሬ የሚላመደው። ቀጥሎ ቁልፍ የሚከፍት ሌባ ያስፈልጋል ሲባል ሳታቅማማ «ወርቁ» ብላ ጻፈች። ሳቃችንን ለማቆም ተካልኝ ውሃ ሰጠን።

የእኔ ተራ ደረሰ። ከፊት የሚቆም፣ ጋሻ የሚይዝ፣ ለሌሎቹ የመጣውን ምት እሱ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ወንድ ላደርገው አስቤ ነበር። እጄ ግን ሴት የሚለውን ነካ፤ ስሙን ሲጠይቀኝም የሺመቤት ብዬ መታሁ። በዚያች ሰዓት እናቴ ቤት ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እዚህ ጉልበቷን እስከ መጨረሻው ሞላሁላት። ጤናዋን ሞላሁላት። ነጥብ ሲያንሰኝ ከመልኳ ቀነስኩ። ሁለተኛዋን የምታክም አደረግኋት፤ ጨዋታው ቄስ ነገር ይላታል፣ እኛ ግን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ጴንጤ ሦስት ሆነን በየትኛው ሃይማኖት እንደምናስገባት ስላልተስማማን ነርስ አልናትና ሲስተር ተባለች።

ተካልኝ አንገቱን ነቀነቀ። «አስማተኛ የላችሁም። ያለ አስማተኛ ዘንዶው ጋ አይደረስም። አንዱን አጥፉና ሥሩ።» ዘይነባ «ጠንቋይማ በእጄ አልሠራም» አለች። ማርታ «እኔም አልሠራም፣ ጌታ ይገሥጸው» አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ታዩኛላችሁ? እኔስ ንስሐ አባት የለኝም?» አልኳቸው። ተካልኝ ጨዋታ መሆኑን ቢያስረዳን፣ ቢለምነን፣ አልሰማነውም። ያለ ጠንቋይ ዘመትን።

የዚያን ቀን ቤት ስገባ እናቴን ሾርባ እያጠጣሁ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት እንጃ፤ ዝምታው ከብዶኝ ይሆናል። «እማዬ፣ ዛሬ ወታደር አድርጌሻለሁ» አልኳት። ዓይኗን ገለጠች። «ምን ታጥቄ?» «ጋሻና ጎራዴ።» «ወፍራም ነኝ ቀጭን?» አለችኝ። «ጉልበተኛ ነሽ። ነጥብ ስላነሰኝ ግን ከመልክሽ ትንሽ ቀንሻለሁ።» ይሄኔ ከወደቀች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞራ አየችኝ። «ከመልኬ? ከሌላ ቦታ አጥተሽ ነው?» አለች ተቆጥታ። በማግስቱ ምሳ ላቀርብላት ብዬ ስገባ ቀድማ «ዛሬስ ምን አደረግሁ?» ስትል ጠበቀችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሪፖርት አቀርብ ነበር። ድልድይ ላይ ሦስት ሽፍታ ጣልሽ። የተኩላ መንጋ ከበበሽ፣ ሲስተር ባትደርስ አልቆልሽ ነበር። እሷም ትጠይቃለች፤ ያ አጭሩ ደህና ነው? ሌባውን ዕቃ ታስጠብቁታላችሁ? አንድ ቀን ግን ባዶ እጄን ገባሁ። ሁለት ሳምንት የሠራነውን መብራት ጠፍቶ በላው። ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገር ተካልኝ ነግሮን ነበር፤ ለጽሕፈት መኪና ሰው ግን የተመታ ነገር ወረቀት ላይ ያለ ነው፣ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ስድስቱም ከነስማቸው ጠፉ። ማርታ ወደ ጠቆረው ስክሪን እያየች እንባዋ ወረደ። «አያቴን ሁለተኛ ቀበርኩት» አለች። እናቴ ስትሰማ ግን ክንዴን ያዘችኝ። «ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ? እኔ እዚሁ አለሁ። ነገ መልሰሽ ሥሪኝ» አለች። ጥቂት አስባ፣ «በዚያው መልኬንም መልሽልኝ» አለች። መልሰን ሠራናቸው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ሳምንት የፈጀብን በሁለት ምሳ ሰዓት አለቀ። እጄ ማውዙን መቼ እንደለመደ አላስተዋልኩም። ከዚያ ወዲያ አንድ በር በከፈትን ቁጥር ሦስታችንም በአንድ አፍ «ሴቭ!» እንላለን። ከሱቁ ደጅ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ሳይቀር ትላለች።

አንድ ዓርብ፣ የምሳ ሰዓቱ በሚረዝምበት ቀን፣ ከኋላችን የቁልፍ እስር ተንቀጫቀጨ። አቶ ወርቁ የሚጠገን ሬዲዮ ታቅፎ ቆሟል። ዘይነባ ማውዙን ለቀቀች። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ አጎንብሶ የሚሄድ ሰው አለ፤ ከጭንቅላቱ በላይ WORKU ይላል። አቶ ወርቁ መነጽሩን አወጣ። አነበበ። «ይሄ ማነው?» አለ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ጠቆመ። «ሥራው ምንድን ነው?» ተካልኝ ጨነቀውና «ሌባ ነው ጌታዬ» ብሎ አረፈው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ወረዳው፣ መዝገብ ቤቱ፣ የእናቴ አልጋ በዓይኔ ላይ ዞሩ። ያኔ ማርታ ተነሥታ ቆመች። «አቶ ወርቁ፣ እዚህ አገር ሁሉም በር የተቆለፈ ነው። ቁልፍ ያለው ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችው። አቶ ወርቁ ስለቆለፈው ክፍል መሆኑ ገብቶታል። ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ ቆሎ ሻጯ የተወችውን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «እስቲ ይክፈት ልይ» አለ። ዘይነባ ማውዙን መልሳ ይዛ አንድ የብረት ሣጥን አስከፈተችው። ውስጡ የወርቅ ዘውድ ነበር። አቶ ወርቁ እስከ አንገቱ የተቆለፈውን ሸሚዝ አንድ ቁልፍ ፈታ። ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉ ተከፍቶ ጠበቀን።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከሌሎች ክፍሎች ከመጡት ጋር አሥር ሆነን በሁለት ዙር ገባን፤ እኛ ሦስታችን በአንድ ዙር፣ ከሁለት ሌሎች ጋር። ሁለት ገጽ ደብዳቤ ከነሠንጠረዡ፣ አንድ ሰዓት። ቀስቷ እንደ ሠለጠነ በቅሎ ታዘዘችኝ። ሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ መብራቱ ብልጭ ብሎ ድርግም አለ። ከፊቴ የነበረችው ልጅ «ወይኔ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። እኔ ወደ ዘይነባ አየሁ፣ ዘይነባ ወደ ማርታ። ማርታ ጥርሷን ብልጭ አደረገች። በየአንቀጹ ሴቭ ስናደርግ ነበራ! መብራቱ ሲመለስ የሦስታችንም ሥራ እንዳለ ወጣ፤ ለሁለቱ ሌሎች ጊዜ ተጨመረላቸውና እነሱም ጨረሱ። ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜ ከላይ ነበር። ከሙዚቃ ቤቱ ያ የማይሰለቸው ካሴት ይዘፍናል፤ ሦስታችንም ግራጫ ኮታችንን እንደለበስን አስፋልቱ ላይ ተቃቅፈን ዘለልን። ፈረሱ የበረገገበት ባለጋሪ ሰደበን፣ አልሰማነውም።

ያኔ ጨዋታውን ማቆም እንችል ነበር፤ ማውዙ ተለምዷል፣ ወረዳም ቀርቷል። ግን ዘንዶው አለ። ዋሻው ደፍ ላይ ደርሰን ዘጠኝ ጊዜ ገጠምነው፣ ዘጠኝ ጊዜ አለቅን። ተካልኝ «አልነገርኳችሁም? አስማተኛ!» ይለናል። እናቴ ደግሞ በየምሳው ትሰማለች፣ በየምሳው ፊቷ ይቀላል። ዘጠነኛውን የነገርኳት ዕለት ትራሱን ወረወረችው። «እኔ እዚያ እየሞትኩ አንቺ እዚህ ሾርባ ታጠጪኛለሽ! የምትሠሩትን መች አየሁ? ከዘራውን አምጪ» አለች። ከዘራው ከተሰጣት ጀምሮ አልጋ ሥር ነበር፤ አቧራውን ጠርጌ ሰጠኋት። በአንድ እጇ እሱን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ ቆመች። ላብ አጠመቃት፤ አልተቀመጠችም። ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ኮባው ሥር ስትመላለስ ከረመች። ቅዳሜ ከሰዓት ባለጋሪ ጠርቼ፣ እኔና ጎረቤቶቼ ደግፈን አስወጣናት።

ተካልኝ ሱቅ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ሁሴን ራሱን ሊያይ መጥቷል፤ አቶ ወርቁም በርጩማው ላይ ተቀምጧል፣ ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ ተፈትቷል። ለእናቴ ወንበር ለቀቁላት። «የቷ ነኝ?» አለች። በጣቴ አሳየኋት። ከስድስቱ ፊት፣ ሰፊ ትከሻ፣ ጋሻው ደረቷን የሸፈነ ሴት። ብዙ አየቻት። «ደህና ቆሜያለሁ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ዋሻውን አየች፤ ገበያ ላይ ስፍራ እንደምትመርጥ ዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። «ለምን ሜዳው መሐል ታቆሚኛለሽ? እዚያ ያለው ጠባብ በር ምን ሆነ? አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው። እዚያ አቁሚኝ፣ ሌላው ከኋላዬ ይሁን።»

በሩ ላይ አቆምኳት። የዘንዶው ጭፍሮች አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ ሌላ መግቢያ የላቸውም። ሲስተር ከጀርባዋ ቁስሏን እያከመች፣ ዛራና ሮባ በትከሻዋ አሻግረው እየወረወሩ፣ ሁሴን ያመለጠውን በመጥረቢያ እያነሣ። አቶ ወርቁ ከበርጩማው ተነሥቶ «እኔን በጎን በኩል ላኩኝ! ያንን የብረት በር ልክፈት!» ብሎ ጮኸ። ዘይነባ ላከችው፤ ከፈተው፤ ሮባና ዛራ በዚያ ገብተው ዘንዶውን ከኋላው ያዙት። ዘንዶው ግን ፊቱን ከእናቴ አላነሣም። የጤናዋን መጠን የሚያሳየው ቀይ መስመር ሲያጥር፣ ሲያጥር፣ ክር ሲያህል እጄ ደነዘዘ። «ምን ቆመሻል?» አለችኝ እናቴ ጆሮዬ ላይ። «በይ ምቺ!» ነካሁት። ጎራዴዋ ወረደ፤ ዘንዶው ተዘረረ፤ ዋሻው ተናወጠ፤ ሱቁ በእልልታ ተናጋ። ቆሎ ሻጯ ቆሎዋን በተነች። ማርታ ተካልኝን ሁለት ትከሻውን ይዛ «የታለ ጠንቋይ? የታለ?» እያለች ወዘወዘችው፤ እሱም እየሳቀ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ተማረከላት።

እናቴን ወደ ጋሪው ስንመልሳት ልንሸከማት እጃችንን ዘረጋን፤ በከዘራዋ ገፋ አደረገችን። እስከ ጋሪው ያለውን አምስት እርምጃ ራሷ ሄደች፣ መወጣጫው ላይ ብቻ ክንዴን ያዘች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። ባለጋሪው በአቋራጭ ወደ ቤት ሊወስዳት ፈረሱን ሲያዞር ልጓሙን በከዘራው ነካ አድርጋ አስቆመችው።

«በአስፋልቱ ሂድ» አለችው። «ቀስ ብለህ። የሚያውቀኝ ሁሉ ይየኝ።»